ከቅጠል የተወሰደ ጋሻ፦ የቢራቢሮ መርዝ ምንጭ እንዴት ታወቀ?

በአዋሽ ሸለቆ ያለፈ መንገደኛ ጦቢያን ሳያይ አይቀርም። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ሲቀነጠስ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሣር በጠፋበት በጋ እንኳ ከብት እርጥቡን ቅጠል እምብዛም አይደፍረውም። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለበት አንድ አባጨጓሬ ግን ይህንኑ ቅጠል እየበላ ያድጋል። ጊዜው ሲደርስ ብርቱካናማ ክንፍ ያለው ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ሲበርር አይቸኩልም፣ ከዓይንም አይሸሸግም፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ወፎች ይተዉታል።

ምክንያቱ ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ቢራቢሮው አባጨጓሬ ሳለ ከተክሉ የወሰደውን መርዝ በሰውነቱ አኑሯል። እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ለመድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የተፈጥሮ ተመልካቾች ቢራቢሮውን ያውቁ ነበር፤ ኬሚስቶችና ሐኪሞች መርዙን ያውቁ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ግን ለረጅም ጊዜ አልተገናኙም። የዚህ ታሪክ ትልቁ እንቅፋት የመሣሪያ እጥረት ነው ብዬ አላምንም። ዋናው ችግር የሰዎቹ መራራቅ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከ1848 እስከ 1862፦ በአማዞን ጫካ

በ1848 የጸደይ ወራት ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ብራዚል ውስጥ ፓራ በምትባለው የወደብ ከተማ ደረሱ። አንደኛው ኋላ ከዳርዊን ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው አልፍሬድ ረስል ዋላስ ነው። ሁለተኛው የ23 ዓመቱ ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነበር። ሁለቱም ከባለጠጋ ቤት አልተወለዱም። ያሰቡት ነፍሳትና ወፎች እየሰበሰቡ ወደ ለንደን በመላክና በመሸጥ ጉዟቸውን መደጎም ነበር። ዋላስ በ1852 ወደ አገሩ ተመለሰ። ቤትስ ግን በትኩሳትና በገንዘብ እጦት እየተንገላታ እስከ 1859 ድረስ 11 ዓመት ቆየ። ሲመለስ የሰበሰባቸው ዝርያዎች 14,700 ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም 8,000 ገደማ የሚሆኑት ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃቸው ናቸው።

በዚያ ሁሉ ዓመት ልቡን የያዘው አንድ ትዕይንት ነው። በጫካው ጥላ ሥር ጥቁር፣ ብርቱካናማና ቢጫ ክንፍ ያላቸው ቢራቢሮዎች በመንጋ ሆነው ቀስ ብለው ይበርራሉ። በጫካው ነፍሳት የሚበላ ወፍና እንሽላሊት ሞልቷል፤ እነዚህን ግን ሲያሳድድ ቤትስ አላየም። ገድሎ ለማድረቅ ያሰጣቸውን እንኳ ተባይ ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ይነካቸው ነበር። ከመንጋው መካከል ደግሞ ቀለማቸውና አበራረራቸው ከሌሎቹ የማይለይ፣ በቅርብ ሲመረመሩ ግን የሌላ ቤተሰብ አባል የሆኑ ጥቂት ቢራቢሮዎች አገኘ። ዘመዶቻቸው በአብዛኛው ነጭ ናቸው፤ እነርሱ ግን የማይበሉትን መስለዋል።

ቤትስ ይህን በ1861 ለንደን ለሚገኘው የሊንየስ ማኅበር አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1862 ታተመ። የሚበላ እንስሳ የማይበላውን መስሎ ከአዳኝ የሚያመልጥበት መንገድ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። ዳርዊን ጽሑፉን ሲያነብ እጅግ ተደሰተ፤ የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ ከታተመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ለተፈጥሯዊ ምርጫም ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አልተገኘም ነበር።

ቤትስ ግን ዋነኞቹ ቢራቢሮዎች ለምን እንደማይበሉ አልመረመረም። መጥፎ ጣዕም ወይም ሽታ እንዳላቸው ገመተ፤ ያንንም እንደ ክንፋቸው ቀለም አብሯቸው የተፈጠረ ባሕርይ አድርጎ ወሰደው። ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ገና አልተወለደም።

ከ1867 እስከ 1883፦ ቀለም እንደ ማስጠንቀቂያ

ቀጣዩን እርምጃ ያስጀመረው የዳርዊን ግራ መጋባት ነው። የደማቅ ቀለምን ምክንያት በተቃራኒ ጾታ መማረክ ሲያስረዳ ቆይቶ አንድ ነገር አስቸገረው። አባጨጓሬ አይጋባም፤ ታዲያ አንዳንዱ አባጨጓሬ ለምን እንዲህ ያጌጣል? ጥያቄውን ለቤትስ ቢያቀርብለት ቤትስ ዋላስን ጠይቅ አለው።

ዋላስ በ1867 የሰጠው መልስ ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል። የአባጨጓሬ ቆዳ ስስ ነው፤ ወፍ አንዴ ከነከሰው ጣዕሙን ጠልታ ብትተፋውም አይተርፍም። ስለዚህ አለመጣፈጡ ብቻውን አያድነውም። ወፏ ሳትነካው እንድታውቀው ከሩቅ የሚታይ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ደማቁ ቀለም ያ ምልክት ነው አለ። የነፍሳት ጥናት ማኅበር አባላትንም ግምቱን በሙከራ እንዲፈትኑለት ለመነ። ጆን ጄነር ዊር የተባለ አባል በግቢው ለሚያረባቸው ወፎች የተለያዩ አባጨጓሬዎችን ማቅረብ ያዘ፤ በ1869 ውጤቱን ሲያሳውቅ ወፎቹ አረንጓዴና ቡናማዎቹን በልተው ባለደማቅ ቀለሞቹን እንደተዉ ገለጸ። ከሃያ ዓመት በኋላ የኦክስፎርዱ ኤድዋርድ ፖልተን ለዚህ ዓይነቱ የማስጠንቀቂያ ቀለም ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

በዚያው ዘመን ጀርመን ተወልዶ ደቡብ ብራዚል የሰፈረው ፍሪትዝ ሙለር ቤትስ ያላብራራውን አንድ ነገር አነሣ። ሁለቱም የማይበሉ ሆነው ሳለ የሚመሳሰሉ ቢራቢሮዎች አሉ፤ የማይበላ ሌላ የማይበላን መምሰል ምን ይጠቅመዋል? ሙለር በ1870ዎቹ መጨረሻ በሒሳብ አስረዳ። ልጅ ወፍ የማይበላውን የምትለየው ጥቂቶችን ቀምሳ ነው። ሁለት ዝርያዎች አንድ መልክ ካላቸው ለዚያ ትምህርት የሚከፈለውን የነፍስ ዋጋ ይካፈላሉ።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀድማ ገብታለች። ኬፕታውን ይኖር የነበረው ሮላንድ ትራይመን በ1869 ለማመን የሚከብድ ነገር አሳወቀ። እንደ ተለያዩ ዝርያዎች ተመዝግበው የነበሩ በርካታ ቢራቢሮዎች በእርግጥ የአንድ ዝርያ ሴቶች ናቸው አለ። ወንዱ ቢጫ ሲሆን ከኋላ ክንፉ ላይ ጭራ አለው፤ ሴቶቹ ግን ጭራ የላቸውም፣ እያንዳንዷም በአካባቢዋ ያለ የማይበላ ቢራቢሮ ትመስላለች። አንዷ የምትመስለው ከላይ ያነሣነውን የጦቢያ ቢራቢሮ ነው። ይህ ዝርያ በእኛም አገር አለ፤ የኢትዮጵያው ወገን ግን የተለየ ጠባይ አለው። አብዛኞቹ ሴቶች የወንዱን ቢጫ ቀለምና ጭራ እንደያዙ ናቸው። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1883 ሲሆን የተሰየመውም ሸዋ ውስጥ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የጥናት ጣቢያ አቋቁሞ በ1882 እዚያው ባረፈው ጣሊያናዊ ተጓዥ በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ነው።

ከ1877 እስከ 1959፦ ያልተሰሙ ሰዎች

መልሱ ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። በ1877 ስሌተር የተባለ እንግሊዛዊ ደማቅ ቀለም ያላቸው አባጨጓሬዎች ብዙውን ጊዜ መርዛማ ተክል እንደሚመገቡ አስተውሎ ጻፈ። በ1890ዎቹ ኤሪክ ሃዘ የተባለ ጀርመናዊ አሪስቶሎኪያ የሚባለውን መርዛማ ሐረግ የሚበሉ ባለጭራ ቢራቢሮዎችን ለብቻቸው መድቦ፣ መድኃኒት በሎች የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጣቸው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ይሁን እንጂ በእጃቸው ምልከታ እንጂ ማስረጃ አልነበረም፤ ከአንድ ቢራቢሮ ውስጥ ኢምንት መርዝ ለይቶ የሚያወጣ ቤተ ሙከራ በዘመናቸው አልነበረም።

በተክል በኩልም እንዲሁ ሆነ። በ1888 ኤርንስት ሽታል የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ቀንድ አውጣዎች የማይነኩትን ቅጠል በአልኮል አጥቦ ሲሰጣቸው እንደሚበሉት አሳየ። በተክሉ ውስጥ ያለው መራራ ነገር መከላከያ ነው ማለቱ ነበር። የዘመኑ ኬሚስቶች ግን እነዚህን ንጥረ ነገሮች የተክሉ ሥራ ፈት ቆሻሻ አድርገው ማየቱን መረጡ። ሐኪሞች ደግሞ ከ1785 ጀምሮ ከዲጂታሊስ ቅጠል የሚገኘውን መድኃኒት ለልብ በሽታ ሲያዝዙ ኖረዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለቀስታቸው የሚቀቡት የአኮካንቴራ ዛፍ መርዝም የዚያው ቤተሰብ መሆኑ ታውቋል። ከጦቢያ ወተት ከተገኙት የልብ መርዞች አንዱ ከተክሉ ሳይንሳዊ ስም ተወስዶ ካሎትሮፒን ተብሏል። ሁሉም በየመደርደሪያው ተቀምጦ ነበር፤ ከቢራቢሮው ጋር ያገናኘው አልነበረም።

ይባስ ብሎ መነሻው ራሱ ተጠራጣሪ አገኘ። በ1932 አሜሪካዊው ዋልዶ ማካቲ የ80,000 ያህል ወፎችን የሆድ ዕቃ መዝገብ አገላብጦ፣ ወፎች ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፣ የማስጠንቀቂያ ቀለም የሚባለውም ብዙ ጥቅም የለውም ሲል ደመደመ። የጦቢያው ቢራቢሮ ዘመድ የሆነውን የሞናርክ ቢራቢሮን ጉዞ በማጥናት የታወቀው ካናዳዊው ፍሬድ ኧርኳርትም ሞናርክን ራሱ ቀምሶ መራራ እንዳልሆነ በ1950ዎቹ ጽፏል። ይህን ሙከራ በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። የሰው ምላስ የማያውቀው ነገር ሊኖር እንደሚችል ያስገነዘበው እርሱ ነው፤ ጉዳዩ የጣዕም ብቻ እንዳልሆነም ቆይቶ ተረጋገጠ።

በተክል በኩል የቆየውን ዝምታ የሰበረው ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ኋላ አሜሪካ ኢሊኖይ የሠራው ጎትፍሪድ ፍሬንክል ነው። በ1959 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ በተክል ውስጥ ያሉት እንግዳ ንጥረ ነገሮች ቆሻሻ እንዳልሆኑ፣ የተፈጠሩት በላተኛን ለመከላከል እንደሆነ፣ አንዳንድ ነፍሳትም ያንን አጥር ጥሰው ተክሉን የብቻ ምግባቸው እንዳደረጉት በግልጽ ተናገረ።

ከ1958 እስከ 1969፦ ባዝልና አምኸርስት

ከዚህ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የታሪኩ እምብርት ናቸው።

በ1958 ጄን ቫን ዛንት ብራወር ፍሎሪዳ ውስጥ በወፍ ማቆያ ቤት የያዘቻቸውን ወፎች ከሞናርክ ቢራቢሮ ጋር አገናኘች። ወፎቹ ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ሞናርክን መንካት ተዉ፤ ሞናርክን የሚመስለውን ቫይስሮይ ሲያዩም ሸሹት። ሞናርክን ቀምሰው ከማያውቁት ወፎች መካከል ግን ቫይስሮይን የበሉ ነበሩ። የቤትስ ግምት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሙከራ ተረጋገጠ። ማካቲ ያመጣው ጥርጣሬም በዚያው ተዳከመ።

በ1964 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቢራቢሮ አዋቂው ፖል ኤርሊክና የዕፀዋት አዋቂው ፒተር ሬቨን የየግል እውቀታቸውን አንድ ላይ ዘረጉት። የትኛው የቢራቢሮ ቤተሰብ የትኛውን የተክል ቤተሰብ እንደሚበላ ሲያስተያዩ ጥለት ታያቸው። ተክሉ አዲስ መርዝ ያበጃል፤ ከቢራቢሮዎች አንዱ ወገን ያንን መርዝ መቋቋም ይለምዳል፤ ሁለቱም በዚህ ግፊያ እየተባዙ ይሄዳሉ። ጽሑፋቸው የአንድ አዲስ የጥናት መስክ መሠረት ሆነ። ኬሚስት ግን ገና ከመካከላቸው አልነበረም።

ኬሚስቱን ያመጣችው ሚሪያም ሮትሽልድ ናት። በ1908 የተወለደችው ይህች እንግሊዛዊት በሕፃንነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቤት ውስጥ ተምራ በቁንጫ ጥናት የዓለም አዋቂ ሆነች፤ በጦርነቱ ዘመን ብሌችሊ ፓርክ ከነበሩት የጠላትን ምሥጢር ፈቺዎች ጋር ሠርታለች። ደማቅ ቀለም ያላቸው ነፍሳት መርዝ ከምግባቸው እንደሚያገኙ በጽኑ ታምን ነበር። ስለዚህ በስዊዘርላንድ ባዝል ለሚሠራው ለታዴዎሽ ራይኽሽታይን ጻፈችለት። ራይኽሽታይን በኮርቲዞን ጥናቱ በ1950 የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሲሆን ከተክል የሚገኙ የልብ መርዞችን በመለየት በዓለም አቻ አልነበረውም። ለቢራቢሮ ጊዜ የለኝም ሊል ይችል ነበር። አላለም።

በ1965 የመድኃኒት አጥኚው ጆን ፓርሰንስ ሞናርክ ቢራቢሮ ውስጥ እንደ ዲጂታሊስ በልብ ላይ የሚሠራ መርዝ መኖሩን አሳየ። በ1967 የሮትሽልድና የራይኽሽታይን ቡድን ወተታም ተክሎችን በሚበላና ሲነኩት መርዛማ ፈሳሽ በሚረጭ አንድ ፌንጣ ውስጥ እነዚሁ መርዞች መኖራቸውን አረጋገጠ። በ1968 ራይኽሽታይን፣ ፎን ኦይቭ፣ ፓርሰንስና ሮትሽልድ የሞናርክን ውጤት ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። አባጨጓሬው ከበላው ተክል ውስጥ ያሉት ካሎትሮፒንና ካላክቲን የተባሉ መርዞች በቢራቢሮው ውስጥ ተገኙ። አባጨጓሬው ሰውነቱን አፍርሶ እንደገና ቢራቢሮ ሆኖ ሲሠራ እንኳ መርዙ አብሮት ይሻገራል። በዚያው ዓመት ቡድኑ በአሪስቶሎኪያ በሉ ቢራቢሮ ውስጥ የሐረጉን አሲድ አገኘ፤ ሃዘ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ትክክለኛነቱ ተመሰከረለት።

አትላንቲክ ማዶ አምኸርስት ኮሌጅ የነበረው ሊንከን ብራወር ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን ከወፏ በኩል ያዘው። ሙከራው ቀላልና ብልህ ነበር። ሞናርክ በተፈጥሮው ጎመን አይበላም፤ እነርሱ ግን ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ ጎመን በልቶ የሚያድግ ዘር አወጡ። በጎመን ያደገውን ሞናርክ ብሉ ጄይ የተባለችው ወፍ ደጋግማ በላችው፤ ምንም አልሆነችም። በመርዛማው ወተታም ተክል ያደገውን ስትበላ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ቆይታ ላባዋን አንጨፍርራ አስመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሞናርክ ስታይ ገና ሳትቀምሰው ትሸሽ ነበር። የምታስመልሰው ወፍ ፎቶግራፍ በ1969 ሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ቢራቢሮው ያው ነው፤ የተለየው ምግቡ ብቻ ነው። መርዙ የቢራቢሮው የግል ንብረት አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ዝርዝሩም ሲጠና ብዙ ነገር አወጣ። የሚያስመልሰው መጠን ከሚገድለው ያንሳል፤ ስለዚህ ወፏ ተርፋ ትምህርቷን ይዛ ትኖራለች፤ ለቢራቢሮው ወገን የሚጠቅመውም የሞተች ወፍ ሳትሆን የተማረች ወፍ ናት። መርዙ ጠንክሮ የሚከማቸው ወፍ ብዙ ጊዜ ቀድማ በምትይዘው በክንፉ ነው። ደግሞ ወተታም ተክሎች ሁሉ እኩል መርዝ የላቸውም፤ በአንድ መስክ ላይ ከሚበርሩት ሞናርኮች አንዱ ብርቱ መርዝ ሲኖረው ሌላው ምንም ላይኖረው ይችላል። መርዝ የሌለው የሚኖረው በገዛ ወንድሞቹ ስም ነው።

አባጨጓሬውም ያለ ድካም አይጠቀምም። ከእንቁላል የወጣ ጨቅላ በተክሉ ወተት ተጣብቆ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው። ያደገው የቅጠሉን ዋና ጅማት ነክሶ ወተቱን ያፈስሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅጠል ይበላል። ይህን ዴቪድ ዱሶርና ቶማስ አይዝነር በ1987 በደንብ አስረድተዋል።

ከ1969 እስከ 1988፦ የጠወለገው ተክል

መርዝ የሚሰበስበው አባጨጓሬው ነው፣ ቢራቢሮው ወራሽ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ አልቆየም።

ሰብሳቢዎች የጠወለገ ወይም የደረቀ ሄሊዮትሮፕ የተባለ ተክል ዛፍ ላይ ቢሰቀል የሞናርክ ዘመዶች የሆኑ ቢራቢሮዎች እንደሚከቡት ከጥንት ያውቁ ነበር። አበባ የለው፣ ማር የለው፤ ይህ ምን ይባላል? በ1969 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጄሮልድ ማይንዋልድና ባልደረቦቹ የዚህ ቤተሰብ ወንድ ቢራቢሮ ሴቷን በሚያማልልበት ሽታ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ከዚያም ዲትሪኽ ሽናይደርና ሚኻኤል ቦፕሬ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 ባወጡት ጥናት ወንዱ ይህን ሽታ በራሱ መሥራት እንደማይችል አረጋገጡ። ጥሬ ዕቃው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል የተክል መርዝ ነው። ቦፕሬ ኬንያ ውስጥ የተመለከተው ነገር ይበልጥ ገላጭ ነው። ቢራቢሮው በደረቀው ግንድ ላይ ይቀመጥና ከምላሱ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ መርዙ ሲሟሟለት መልሶ ይመጥጠዋል። ምግብ ፍለጋ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጠባይ ቦፕሬ መድኃኒት መሻት ብሎ ከመብላት ለየው።

ይህ አልካሎይድ እኛንም የነካ ነው። ከ2001 ወዲህ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሰው ሆዱ እያበጠ በጉበት በሽታ ሲሞት፣ ምርመራው ያመለከተው በማሳ ውስጥ የሚበቅል አጌራተም የተባለ አረም ከእህል ጋር እየተቀላቀለ መበላቱን ነበር። በአረሙ ውስጥ ያለው መርዝ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ዓመታት ደክመውበታል። ለሰውና ለከብት ጉበት ጠንቅ የሆነውን ነገር ቢራቢሮ ጓጉቶ የሚፈልገው መሆኑ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ቤትስ አማዞን ውስጥ ትቶት የሄደው ጥያቄ የተመለሰውም በዚህ መንገድ ነው። ከእርሱ ቢራቢሮዎች ብዙዎቹ በአባጨጓሬነታቸው የድንችና የቲማቲም ዘመዶችን ይበላሉ፤ እነዚያ ተክሎችም መርዛማ ስለሆኑ ኬሚስቶች መከላከያውን ከእነርሱ መጠበቃቸው አይገርምም። በብራዚል ካምፒናስ የሚሠራው ኪት ብራውን ግን በ1984 የተለየ ነገር አቀረበ። ከጫካ የተያዘ ቢራቢሮ ትልቋ ወርቃማ ሸረሪት ድር ላይ ሲጣል ሸረሪቷ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ ክሩን አንድ በአንድ ቆርጣ በነፃ ትለቅቀዋለች። ገና ከልባሱ የወጣውን፣ አበባ ያልጎበኘውን ቢራቢሮ ግን ትበላዋለች። በላዩ አልካሎይድ ሲቀባ ደግሞ ትተወዋለች። መርዙ ቢራቢሮው ካደገ በኋላ ራሱ ከአበባና ከጠወለገ ተክል የሚለቅመው ነበር። ቤትስ ካየው 130 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

አይዝነርና ባልደረቦቹ በአንድ የእሳት እራት ላይ ነገሩን እስከ ቤተሰብ ድረስ ተከተሉት። ወንዱ ከአባጨጓሬነቱ ያመጣውን አልካሎይድ በሚጋባበት ጊዜ ለሴቷ ይሰጣታል፤ እርሷም የራሷን ጨምራ በእንቁላሎቹ ውስጥ ታኖረዋለች። ስለዚህ ወንዱ የሚያወጣው ሽታ ምን ያህል ስጦታ እንደያዘ የሚናገር ነው። ይህ በ1988 ታትሟል።

ከ1975 እስከ 1991፦ ወፎቹ ሲመለሱ

በ1975 መጀመሪያ ከኧርኳርት ጋር ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሞናርክ ክረምቱን የሚያሳልፍበትን ቦታ መካከለኛው ሜክሲኮ ተራሮች ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የጥድ ጫካ አገኙት። ቢራቢሮው በሚሊዮን ተቆጥሮ ግንዱን ሸፍኖ ይቀመጣል።

ብራወርና ባልደረቦቹ እዚያ ሲደርሱ ግን መሬቱ በተበሉ ሞናርኮች ተሞልቶ አገኙት። ሁለት የወፍ ዝርያዎች መርዙን ድል አድርገውታል። አንደኛዋ ሰውነቱን ሰንጥቃ መርዝ ያነሰበትን ክፍል መርጣ ትበላለች፤ ሁለተኛዋ፣ ጥቁር ራስ ያላት ግሮስቢክ፣ ሳትመርጥ ትበላዋለች፤ መርዙም አይጎዳትም። መከላከያ ፍጹም እንደማይሆን ጫካው ራሱ አስተማረ።

ቫይስሮይም ተራው ደረሰ። በየትምህርት መጽሐፉ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ሞናርክን በመምሰል የሚኖር አታላይ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዴቪድ ሪትላንድና ሊንከን ብራወር በ1991 ክንፎቹን ቆርጠው አካሉን ብቻ ለወፎች ሲያቀርቡ ቫይስሮይ ከሞናርክ ያልተሻለ ሆነ። ብራወር ከቀድሞ ባለቤቱ ከጄን ቫን ዛንት ብራወር ጋር ያስተዋወቀውን ምሳሌ ራሱ ሲያርመው ማየት የሳይንስን ክብር ያሳየኛል። ሁለቱ ቢራቢሮዎች የሙለር ጥንዶች ሆኑ።

ከ1992 እስከ 2019፦ አንዲት ፓምፕ

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። የሌላውን ልብ የሚያቆመው መርዝ ቢራቢሮውን ለምን አይገድለውም?

ዴንማርካዊው የንስ ክርስቲያን ስኮ በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ውስጥ የሶዲየም ፓምፕን አግኝቶ ነበር፤ በዚህም በ1997 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ይህ ፕሮቲን በእንስሳት ሕዋስ ሁሉ ሶዲየምን እያወጣ ፖታሲየምን ያስገባል፤ ያለ እርሱ ነርቭና ልብ አይሠሩም። የልብ መርዞቹ እርሱን ይዘው ያስቆማሉ። በ1992 ጀርመን ሃይደልበርግ የነበሩት ፈርዲናንድ ሆልትሲንገርና ሚኻኤል ቪንክ ከባልደረባቸው ጋር የሞናርክን ፓምፕ ሲመረምሩ በፕሮቲኑ 122ኛ ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ተለውጦ አገኙት። በዚያ ለውጥ መርዙ እንደ ቀድሞው አይጣበቅም። በ2012 ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ሲሠሩ ወተታም ተክል በሚበሉ ጥንዚዛዎች፣ ትኋን መሰል ነፍሳትና ዝንቦች ውስጥም ይኸው ለውጥ በተናጠል ደጋግሞ መከሰቱን አሳዩ።

በ2019 በርክሌይ የሚሠራው ኖዋ ዋይትማንና ባልደረቦቹ ነገሩን ገልብጠው ፈተኑት። በተራ የፍራፍሬ ዝንብ ፓምፕ ላይ የሞናርክን ሦስት ለውጦች፣ በ111ኛ፣ በ119ኛና በ122ኛ ቦታ፣ በዘረ መል ማረሚያ አስገቡ። 122ኛው ብቻውን ሲለወጥ ዝንቡ መርዙን ቢቋቋምም ሲንቀጠቀጥ ይወድቃል፤ 119ኛው ሲጨመርበት ይሻለዋል። ሦስቱም ሲሟሉ ዝንቡ መርዝ ባለበት ምግብ አደገ፤ ክንፍ ካወጣ በኋላም ጥቂት መርዝ በሰውነቱ ተገኘ። በዝግመተ ለውጥ ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲያ መሆን እንደነበረበት በዚህ ታየ። በ2021 ደግሞ የሜክሲኮዋ ግሮስቢክ ፓምፕ ተመርምሮ ያንኑ ዓይነት ለውጥ ይዞ ተገኘ። በላተኛዋ የታጠቀችው ተበዪው በታጠቀበት መንገድ ነው።

2019 እና 2021፦ ከሕያው አባጨጓሬ

በታኅሣሥ 2019 ይካይ ቲና ባልደረቦቹ ኢንዶኔዥያ ሰሜን ሱላዌሲ ውስጥ ታንግኮኮ በሚባለው ጥብቅ ጫካ የሞናርክ ዘመዶች የሆኑ ቢራቢሮዎችን ይመለከቱ ነበር። ያደጉት ቢራቢሮዎች በእግራቸው ጥፍር ቅጠሉን ብቻ አልቧጠጡም፤ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ሕያዋን አባጨጓሬዎችም ቧጥጠው ከቁስላቸው የሚወጣውን ፈሳሽ ጠጡ። አንዳንዶቹ አባጨጓሬዎች ሞተው ነበር። ቢራቢሮዎቹም ተመራማሪዎቹ በእጃቸው ሲነኳቸው እንኳ አይበርሩም ነበር። ቡድኑ በ2021 ባወጣው ጽሑፍ ይህን የመርዝ ዝርፊያ ለብቻው ሰየመው፤ ቀድሞ አባጨጓሬውን ያቆሰለው ማን ነው፣ ፈሳሹስ ለሽታ ነው ወይስ ለመከላከያ የሚለውን ደግሞ ለቀጣይ ሙከራ አስተላለፈ።